ተተኪው ዲስክ እስኪመጣ

ጥቅምት ፲፪

ለወንድሜ ለሊቁ፤

ጤናህ፣ ሥራህ፣ ወገብህ፣ ሁሉም በየተራቸው እንደምን ከርመዋል? እኛ ምንም አልጎደለብንም፤ ድካም እንኳ ሞልቶናል። እናትህ አክስቴ በጣም ደህና ናቸው። ትንሽ ሳል ይዟቸው ነበር፣ እየተሻላቸው ነው። «የረገጠው ይለምልምለት፣ የያዘው ይበርክትለት፣ ደግሞ ይብላ» ብለውሃል። የመጨረሻው ምርቃት ይሁን ትእዛዝ አልገባኝም።

ስልክ ደውዬ ልነግርህ አስቤ ነበር። ግን ታውቃቸዋለህ፤ ድምፅህን ከሰሙ ስልኩን ከእጄ ይነጥቁና «ደህና ነህ? እኔም ደህና ነኝ። በል ይቆጥርብሃል፣ ዝጋው» ብለው ራሳቸው ይዘጉታል። ከእኛ ቤት በስልክ ከ«ደህና ነኝ» ሌላ ወሬ ወጥቶ አያውቅም። ስለዚህ በምሳ ሰዓት እዚሁ ራጅ ክፍል ኮምፒውተር ላይ ተቀምጬ እንደ ድሮ ሰው ረጅም ደብዳቤ በኢሜይል እጽፍልሃለሁ። ገንዘብ ልጠይቅህ አይደለም፤ ተንፍስ።

ጉዳዩ ዲስክ ነው። ክሊኒካችን ራጅ በፊልም ማንሳት ካቆመ ቆይቷል። ማሽኑ ያነሳው ሁሉ በሽቦ አድርጎ እኔ ወደምጠብቀው ኮምፒውተር ይገባል። ኮምፒውተሩ ሁለት ማስቀመጫ አለው። አንደኛው ትልቁ ሃርድ ዲስክ ነው፤ ይሽከረከራል፣ ይንጫጫል፣ ይንቀራፈፋል፣ ግን በክፉ አይነሳም። ሁለተኛው ትንሹ ኤስኤስዲ ነው፤ ድምፅ የለውም፣ ፈጣን ነው፣ ፕሮግራሙም የበሽተኞቹ መዝገብም የሚኖሩት እሱ ላይ ነው። ሰሞኑን ታዲያ ኮምፒውተሩን በከፈትኩ ቁጥር ማስጠንቀቂያ ይወጣል፦ የኤስኤስዲው ቀሪ ዕድሜ ከመቶ ዘጠኝ። እንዲህ ፊት ለፊት ዕድሜውን የሚናገር ዕቃ አይቼ አላውቅም። ሰው እንኳ ይደብቃል።

ለኃላፊያችን አመለከትኩ። ኃላፊያችንን ሁላችንም «ይታሰብበታል» ነው የምንለው፤ ለምን እንደሆነ አሁን ታያለህ።

«አዲስ ዲስክ ያስፈልገናል» አልኩት።

«ይታሰብበታል።»

«ይኼኛው ከሞተ ራጅ ክፍሉ ይዘጋል።»

«እሱም ይታሰብበታል።»

ጥያቄዬ ወደ ግዥ ክፍል ተመርቷል። ግዥ ክፍል ማለት እሱው ነው፤ ወንበር ቀይሮ ሲቀመጥ ብቻ ነው የሚያየው። በዚያኛው ወንበር ላይ ሲቀመጥ ግን እስካሁን አልታየም።

ዲስኩ ከሞተ ራጅ የሚያስፈልገው ሁሉ ቀኑን ሙሉ በአውቶቡስ ተጉዞ ወደ ትልቁ ሆስፒታል ሊሄድ ነው። ጤነኛውን የሚያሳምም መንገድ ነው። ከሁሉ የሚያሳስቡኝ ደግሞ በየጊዜው እየተነሱ አዲሱ ምስላቸው ከአሮጌው ጋር የሚተያይላቸው በሽተኞች ናቸው። እነሱ ያንን መንገድ ደጋግመው አይችሉትም።

አንተ የሰው መረጃ በሚጠራቀምበት፣ እንዲህ ያለ ዲስክ እንደ ጡብ በተደረደረበት ቤት ነው የምትሠራው። አንድ ብትልክልኝስ? ያገለገለም ይሁን። እኛም ያገለገልን ነን።

ደህና ክረምልኝ፤
እትዬህ


ጥቅምት ፳፱

ለእትዬ፤

ከማይነጋበትም ከማይመሽበትም ቤት ሰላምታዬ ይድረስሽ። መስኮት የለውም፤ ሌላ ምሥጢር የለውም። መልሴ የዘገየው ሰንፌ ሳይሆን ተኝቼ ነው፤ ልዩነቱ ከሩቅ ለሚያይ ብዙም ላይታይ ይችላል።

እማዬን ሳሚልኝ። እየበላሁ ነው በያት። ሳሉ «እየተሻላት» ነው ወይስ «ተሽሏታል»? የመጀመሪያውን ባለፈው ደብዳቤሽም ነግረሽኛል፣ ከዚያ በፊት በላክሽው አጭር መልእክትም።

ያገለገለ ዲስክ ላልሽው አልችልም። እዚህ ከሥራ የወጣ ዲስክ የሰው መረጃ ይዟል ተብሎ ከበር አይወጣም፤ ብረት የሚፈጭ ማሽን አለ፣ እዚያ ይገባል። ዛሬ እንኳ ገና ከግማሽ በላይ ዕድሜ የቀራቸውን ስንቱን አስገባሁ። ማሽኑ አያዳላም፤ ጤነኛውንም በሽተኛውንም በአንድ ድምፅ ነው የሚፈጨው። ስወጣ ደግሞ በር ላይ ከጫማዬ እስከ አንገቴ እፈተሻለሁ። ያንቺ በሞት አፋፍ ላይ ሆኖ ሲለመንለት፣ የእኔዎቹ በጎልማሳነታቸው ይሄዳሉ። ከሱቅ ገዝቼ ልልክልሽ እሞክራለሁ።

እስከዚያ ግን ያለውን እናቆየው። ኤስኤስዲ በመነበብ አይደክምም። ቀኑን ሙሉ ብታነቢው ግድ የለውም። የሚያደክመው መጻፍ ነው፤ አንድ ነገር በተጻፈበትና በተሰረዘበት ቁጥር ከዕድሜው ይቀነሳል። ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚገድለው ትልቁ ቁም ነገር አይደለም። ለትንሽ ጊዜ ተብሎ የሚጻፍ፣ ማንም ሁለተኛ የማይፈልገው፣ ወዲያው የሚጠፋ ኮተት ነው። በየሰዓቱ «ለአሁኑ ብቻ» እየተባለ ይጫንበታል። ስለዚህ ማን እየጻፈበት እንደሆነ ተከታተዪና ንገሪኝ።

ይህንን ደብዳቤ ስትከፍቺው ራሱ ኮምፒውተሩ ቅጂውን ዲስኩ ላይ ያስቀምጣል። ስለዚህ አንዴ አንብቢው፣ ሁለተኛ አትክፈቺው። ላሳጥረው አስቤ ነበር፤ እንደምታዪው አልሆነልኝም።

ያንቺው ሊቁ


ኅዳር ፲

ለወንድሜ ለሊቁ፤

እንቅልፍህ እንደምን ነው? የእኛን ብትጠይቀኝ ወሬውን እንሰማለን። አክስቴ ደህና ናቸው። ሳሉ እየተሻላቸው ነው። ይኼንን ቃል ቀይሪ አልከኝ መሰለኝ፤ እስቲ የተሻለ እስካገኝ ታገሠኝ።

ጸሐፊውን ያዝኩት። ዶክተራችን ነው። እሱ ምስል ሲከፍት ፕሮግራሙ ቶሎ እንዲያሳየው ብሎ ከትልቁ ሃርድ ዲስክ ቅጂ አውጥቶ ኤስኤስዲው ላይ ይጽፋል። ሲዘጋው ይሰርዘዋል። ሲከፍት ደግሞ ይጽፋል። ዶክተሩ ጥሩ ሰው ነው፤ ግን ምስል የሚከፍተው ባዶ ፍሪጅ እንደሚከፍት ሰው ነው። ያያል፣ ይዘጋል፣ ትንሽ ይንጎራደዳል፣ ምናልባት አዲስ ነገር ገብቶበት ይሆናል ብሎ ደግሞ ይከፍታል።

«ዶክተር፣ ቀስ ቢሉ» አልኩት።

«ምን አጠፋሁ?»

«ዲስኩን እየገደሉት ነው።»

«እኔ ሰው እንዳይሞት ነው የማየው።»

ምን ትለዋለህ። ሁለተኛውን ጸሐፊ ፍለጋ ሄድኩ።

ሁለተኛ፣ ማሽኑ ቀን ቀን የሚልካቸው አዳዲስ ምስሎች ኤስኤስዲው ላይ ባለ አንድ መቀበያ ውስጥ ይጠራቀማሉ። ከሥራ ከመውጣቴ በፊት እያንዳንዱን በየስሙ ለይቼ ወደ ትልቁ ዲስክ አዛውራለሁ፣ መቀበያውንም ባዶ አደርጋለሁ። ሥራዬ እንዲህ ነው፤ ቀን መቀበል፣ ማታ መጥረግ።

አንድ ጥያቄ ልጨምር። አንዲት አሮጊት በሽተኛ አሉ። የደረታቸውን ምስሎች ዶክተሩ ሳይከፍታቸው የሚውልበት ቀን የለም። አሮጌውን ከአዲሱ ጎን ያደርገዋል፣ አገጩን ያሻል፣ ይዘጋዋል። እሳቸውን ምን ላድርጋቸው? ትልቁ ዲስክ ላይ ይቆዩ ወይስ እዚህ?

ደግሞ ልጠይቅህ፤ አንተ እኮ መረጃው የት እንደሚቀመጥ የምወስነው እኔ ነኝ ብለህ ነበር የነገርከን። መፍጫው ጋ ምን ትሠራለህ?

እትዬህ


ኅዳር ፲፭

ለእትዬ፤

ደብዳቤሽን ከፍቼ ዛሬውኑ መጻፌን ልብ በይልኝ፤ ብዙ ጊዜ አይደገምም።

ጥሩ አድርገሽ ነው የያዝሽው። አሁን አንድ ነገር ላስረዳሽ፣ ከዚያ ሁሉም ግልጽ ይሆንልሻል። ኤስኤስዲ አንዱን ነገር ለብቻው ነጥሎ መሰረዝ አይችልም። በረድፍ በረድፍ የተሠራ የኪራይ ግቢ አስቢ። አከራዩ አንድ ተከራይ ስለወጣ ብሎ ያንን ክፍል ብቻ አይጠርግም፤ ረድፉ በሙሉ ካልተለቀቀ መጥረጊያ አያነሳም። በረድፉ ውስጥ ገና ያልወጡ ሰዎች ካሉ ዕቃቸውን ተሸክመው ወደ ሌላ ረድፍ ይዛወራሉ። መዛወሩ ራሱ መጻፍ ነው። አንቺ ምንም ሳትጨምሪበት ዲስኩ ሰው ሲያዛውር ይደክማል። መድኃኒቱ አብረው የሚወጡትን አብሮ ማስቀመጥ ነው፤ ለዛሬ ብቻ የመጡት ከቋሚዎቹ ጋር አይደባለቁ። እኛ ቤት ዲስኩን «እነዚህን ለብቻ አድርግ» ማለት ይቻላል። ያንቺ ያረጀ ስለሆነ አይሰማም። ስለዚህ ቀላሉ መንገድ የዛሬ ብቻ እንግዶችን ጭራሽ አለማስገባት ነው።

አንደኛ፣ በፕሮግራሙ ማስተካከያ ውስጥ ቅጂ መቼ እንደሚያዝ የሚጠይቅ ቦታ አለ። «በሁለተኛው ሲከፈት» በዪው። አንዴ ታይቶ የሚረሳው ምስል ከሃርድ ዲስኩ በቀጥታ ይነበብ። ትንሽ ይዘገያል፤ ዶክተሩ በዚያች ጊዜ አገጩን ይሽ። ከኤስኤስዲውም ሩብ ያህሉን ባዶ ተዪለት፤ ሲያዛውር የሚንቀሳቀስበት ይኑረው።

መቀበያውን ደግሞ ራም ላይ አድርጊው። ራም የኮምፒውተሩ የሥራ ጠረጴዛ ነው፣ ቢጻፍበት ቢሰረዝበት አያረጅም። በየቀኑ ማታ የሚጠረግ ነገር ዲስክ ላይ ምን ያደርጋል? እዚያው ጠረጴዛው ላይ ይዋል።

አሮጊቷን ኤስኤስዲው ላይ አስቀምጪያቸው፣ ከዚያም አትንኪያቸው። ስንት ዓመት የሠራሁት ሥራ ይኸው ነበር፤ ማን ቦታ ይገባዋል፣ ማን አይገባውም። በየቀኑ የሚፈለግ ይገባዋል። አንዴ ይጻፉ፣ የፈለገው ያህል ይነበቡ። እሳቸው ዲስኩን አያደክሙትም። ዕድሜ ይስጣቸው በዪልኝ፣ ባላውቃቸውም።

የገዛሁትን ዲስክ በቅርቡ እልካለሁ። እማዬን ሳሚ።

ሊቁ


ታኅሣሥ ፯

ለወንድሜ ለሊቁ፤

ፈጣሪ እጅህን ይባርክ። ያልከውን ሁሉ አደረግኩ። ቁጥሩ ሰባት ላይ ቆሟል፤ ሁለት ሳምንት ሙሉ ንቅንቅ አላለም። ዶክተሩ ኮምፒውተሩ ቀሰስ አለ ብሎ ሁለት ቀን አኮረፈ፣ ከዚያ ለመደው። ይታሰብበታል መጥቶ ቁጥሩን አየና «አየሽ፣ ስለታሰበበት ነው» ብሎ ሄደ። ግዥውን ጠየቅኩት። ወንበር አልቀየረም።

አክስቴ ሰሞኑን እየመጡ እዚሁ ሥራ ቦታ ይጠይቁኛል። ኮሪደሩ ላይ ወንበር ይዘው ከበሽተኞቹ ጋር ሲያወሩ ይውላሉ። ስላንተ ሁሉም ሰው ያውቃል፤ አንተ የማታውቀውን እንኳ ያውቃሉ። ባለፈው አንዷን «ልጄ የዓለምን መረጃ በሙሉ የት እንደሚቀመጥ የሚያዝ እሱ ነው» ሲሏት ሰምቻለሁ። ሴትዮዋም «ታዲያ የእኔን ካርድ ለምን አያገኙትም?» አለቻቸው።

ስለ መፍጫው የጠየቅኩህን አልመለስክልኝም። እልካለሁ ያልከውም ዲስክ አልደረሰም። ለማስታወስ እንጂ ለመጨቅጨቅ አይደለም።

እትዬህ


ታኅሣሥ ፲፱

ሊቁ፤

ሰላምታውን መጨረሻ ላይ አደርገዋለሁ።

ዛሬ መብራት ጠፋ። እዚህ መብራት መጥፋቱ ወሬ አይደለም፤ ወሬ የሚሆነው ሳይጠፋ ሲውል ነው። ግን ዛሬ የጠፋው ልጠርግ ገና ሳልነሳ ነው። ከጠዋት ጀምሮ የተነሳው ሁሉ አንተ ባልከው ጠረጴዛ፣ ራም ላይ ነበር። መብራቱ ተመልሶ ኮምፒውተሩን ስከፍተው መቀበያው ባዶ ነው። ራም መብራት ሲሄድ አብሮ ይሄዳል ለካ። ማሽኑ ጋ ሮጥኩ፤ እሱ ደግሞ ልኮ ከጨረሰ ከራሱ ላይ ያጠፋል። ኮምፒውተሩን ያቆይ የነበረው ባትሪ ከሞተ ቆይቷል። ስለ ባትሪው ምን እንደተባለ መገመት ትችላለህ።

አንተ መብራት የማይጠፋበት ቤት ተቀምጠህ መብራት እንደሚጠፋ ረሳህ። እኔ መብራት በየቀኑ በሚጠፋበት ቤት ተቀምጬ «እሱ ሳያስብበት አይቀርም» አልኩ። ይታሰብበታልን ስናማ ለካ ቤተ ዘመዶች ነን።

ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ቀን የተነሱትን አንድ በአንድ እየጠራሁ «ይቅርታ፣ እንደገና መነሳት አለባችሁ» አልኳቸው። አንዱ ሰደበኝ፣ አንዷ አለቀሰች፣ ሌሎቹ ተመልሰው ተሰለፉ። አንዷ ግን መሰለፍ አልቻሉም። ከጠዋቱ ቆይታ ደክመው ነበር፣ ብርዱም መትቷቸዋል። ቤት ወስጄ አስተኛኋቸው።

አሁን ወደ ፈራሁት ልምጣ። አንዲት አሮጊት በሽተኛ ብዬ የጻፍኩልህ እናትህ ናቸው። በግራ ሳንባቸው ላይ ዶክተሩ ያልወደደው ነገር አለ። ከዝናቡ ወራት ጀምሮ እየተከታተለው ነው። የዛሬው ምስል እያደገ መሆን አለመሆኑን የሚያሳየው ነበር፤ እሱን አይቶ ወደ ትልቁ ሆስፒታል ይሂዱ ወይም አይሂዱ ሊል ነበር። ጠፋ። እስኪነሱለት ድረስ ዶክተሩ ምንም ማለት አይችልም።

ለምን አልነገርሽኝም እንዳትለኝ። «ለልጄ ብትነግሪ ዓይንሽን አላይም» ብለው አስምለውኛል። «እሱ እዚያ ብቻውን ነው፤ ይኼንን ተሸክሞ የት ያስቀምጠዋል?» ነው ያሉት። አንተ «ኤስኤስዲው ላይ አስቀምጪያቸው፣ ዕድሜ ይስጣቸው» ብለህ የጻፍክልኝ ቀን ኮምፒውተሩን ትቼ ደጅ ወጥቼ ትንሽ ቆምኩ።

እንደምን አለህ? እኛ ደህና ነን ልልህ ነበር፤ እጄ አልታዘዝ አለኝ።

እትዬህ


ጥር ፲፮

እትዬ፤

ደብዳቤሽን ከፍቼ ዘግቼ፣ ከፍቼ ዘግቼ፣ እንደ ዶክተራችሁ ሆንኩ። ደውዬም ነበር፤ አንቺ ቤት አልነበርሽም። አነሳችው። «ደህና ነህ? እኔም ደህና ነኝ» አለች። ከዚያ ሳለች፤ ከዚያ «መስመሩ ነው የሚንኮሻኮሸው» አለችኝ። እኔም መስመሩ ነው አልኩ። ዘጋችው።

መጀመሪያ ሥራው፤ እሱን መናገር ይቀለኛል። መቀበያውን ከራም አውጪው። ራም ላይ የሚቀመጠው ቢጠፋ ዳግም ሊሠራ የሚችል ነገር ብቻ ነው፤ እንደ ዶክተሩ ቅጂዎች። አዲስ የመጣ ምስል ግን ሌላ ቦታ የለም፣ ቢጠፋ የሚተካው ሰውዬው ራሱ ብቻ ነው። እንደመጣ በቀጥታ ትልቁ ሃርድ ዲስክ ላይ ይውደቅ። ይንቀራፈፍ፣ ይንጫጫ፣ መብራት ሲጠፋ ግን አይረሳም። ይኼንን ራም ላይ አድርጊው ስልሽ ያኔውኑ ማለት ነበረብኝ። «ስንት ጊዜ ይጻፋል?» ብቻ አሰብኩ እንጂ «ቢጠፋስ?» አላልኩም። እዚህ አንድ ነገር ሲጠፋ ሦስት ቦታ ቅጂው አለ፤ ሰው በዚያ ይበላሻል።

ስለ መፍጫው። መረጃ የት እንደሚቀመጥ የሚወስን ፕሮግራም አምጥተዋል። ጥሩ ፕሮግራም ነው፤ አጠገቡ ተቀምጬ ሲያጠፋ ያረምኩት እኔ ነኝ። ማጥፋት ሲያቆም እኔን ወደ መፍጫው አዛወሩኝ። ረድፉን ሊጠርጉ ፈልገው ይሆናል። ደመወዙም አብሮ ተዛውሯል፤ ስለዚህ ነው «ገዝቻለሁ፣ እልካለሁ» ያልኩት ዲስክ ያልደረሰሽ። አልገዛሁትም ነበር። ለእማዬ እንዳትነግሪያት። ኮሪደሩ ላይ የምታወራው እንዳያልቅባት።

ልምጣ ወይ ብዬ አልጠይቅሽም። የእኔ ውል ሰው ሲሄድ የሚጠብቅ ዓይነት አይደለም። ግን ንገሪኝ፤ ተነሳች? ምን ይላል?

ሊቁ


ጥር ፳፬

ለሊቁ፤

ተነስተዋል፤ ብርዱ ወር ያህል አልጋ ላይ ስላቆያቸው ነው የዘገየው። ያልከውን አስተካክዬ፣ ማሽኑ ሲልክ ትልቁ ዲስክ ሲንጫጫ በጆሮዬ ሰምቼ ነው የተነፈስኩት። አክስቴ ማሽኑ ፊት ሲቆሙ ባለሙያውን «ባለፈውስ ምን ሆኜ ነው ያልወጣሁት? ዓይኔን ጨፍኜ ነበር?» አሉት።

አድጓል። ብዙ አይደለም፤ ግን ዶክተሩ ምስሎቹን ጎን ለጎን አድርጎ አንዴ ብቻ ከፈታቸው፣ ደግሞ አልከፈተም። ያኔ ገባኝ። ትልቁ ሆስፒታል ሄደው ተቆርጦ ሊወጣላቸው ይገባል፣ አሁን ከሆነ ይቻላል፣ ቢቆይ ግን አይቻልም ብሏል።

አክስቴ አልሄድም ብለዋል። «ማን አብሮኝ ሊሄድ? እሷ ከሄደች ያ ኮምፒውተር ይሞታል፤ ለእኔ አንዲት ሳንባ ተብሎ የዚህ ሁሉ ሰው ሳንባ ሳይታይ ሊቀር ነው?» ዋሽተዋል እንዳልል እውነታቸውን ነው። ዲስኩ አምስት ገብቷል። ጠዋት እኔ ካልቀሰቀስኩት አይነሳም፤ ሌላ ሰው ጀምሮት አያውቅም። አንድ ቀን ብቀር ክፍሉ ይዘጋል፣ ከተዘጋ ደግሞ ይታሰብበታል ሲያስብበት ዓመት ይሞላል።

እውነቱን ልንገርህ ሊቁ፣ ደክሞኛል። አንተ ዲስክ በምን እንደሚደክም ስትጽፍልኝ ዲስኩን ትቼ ራሴን ነበር የማነበው። ዶክተሩ «ለአሁኑ ብቻ» ይላል፣ ይታሰብበታል «ለአሁኑ ብቻ» ይላል፣ አክስቴ «ለእሱ እንዳትነግሪ» ይላሉ፣ አንተ «ለእማዬ እንዳትነግሪያት» ትላለህ። ሁሉም እኔ ላይ ይጻፋል፣ እኔ ላይ ይሰረዛል። የሁለታችሁንም ደህንነት የምጠብቅ እኔ ነኝ፤ ሁለታችሁም ደህና አይደላችሁም።

ዲስክ አልፈልግም። ምክርም በቅቶኛል። ና። ወይ እሳቸውን ይዘህ ሂድ፣ ወይ እኔ ወንበር ላይ ተቀመጥና እኔ ልውሰዳቸው።

ለአንተ ደብዳቤ እየጻፍኩ መሆኔን አውቀዋል። ከጎኔ ተቀምጠው «እንዳይመጣ በይው» እያሉኝ ነው። ጻፍኩ አልኳቸው። «በደንብ ጻፊው» አሉ። ጻፍኩ። አሁን ደግሞ «አንብቢልኝ» ብለው አስነበቡኝ፤ ያልጻፍኩትን «እንዳትመጣ» ሳነብላቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

እትዬህ


የካቲት ፩

እትዬ፤

እየመጣሁ ነው። የሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ ከሰዓት በፊት እደርሳለሁ። ዲስክ ይዣለሁ፤ ከመፍጫው አፍ የወጣ አይደለም፣ ከሱቅ ነው፣ ደረሰኝ አለው።

አለቃዬ «ለስንት ጊዜ ነው የምትሄደው?» አለኝ። «ይታሰብበታል» አልኩት። አልሳቀም። የመታወቂያ ካርዴን ተቀበለኝ፤ በር ላይም ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይፈትሹኝ ወጣሁ።

በአውቶቡሱ ከእሷ ጋር የምሄደው እኔ ነኝ። አንቺ ወንበርሽ ላይ ቆዪ። ዲስኩን ግን መጀመሪያ እንቀይራለን፤ ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት ማንም ሊያስነሳው ይችላል፤ አንድ ቀን ደግሞ ትተኛለሽ።

ለእማዬ ምን ብለሽ እንደምትነግሪያት አላውቅም። ለእኔ ብሎ ሥራውን ጣለ ካለች አውቶቡሱ ላይ አትወጣም።

ሊቁ


የካቲት ፱፣ በበሩ ስንጥቅ የተሰካ

ሊቁ፤

እንኳን በደህና ገባህ። ስትመጣ ሥራ ላይ ነኝ፤ ቅዳሜም ሰው ይሰበራል። ቁልፉ ጎረቤት ካለው ልብስ ሰፊ ጋ ነው። ብላ። ይኼኛው ትእዛዝ ነው።

ለአክስቴ የነገርኳቸውን ስማ፤ አንድ ቃል እንዳትስት። የክሊኒኩን ኮምፒውተር እንድታድን መሥሪያ ቤትህ ልኮህ ነው የመጣኸው። ሌላ የሚያመጣህ ጉዳይ የለም። እግረ መንገድህን ወደ ትልቁ ሆስፒታል ጎራ የምትል ይመስለኛል፣ አብረው ቢሄዱ ይሻላል ብያቸዋለሁ። «ለኮምፒውተሩ ከሆነ ደህና» አሉ። ዓይኔን አላዩም፣ እኔም ዓይናቸውን አላየሁም። የሚያውቁ ይመስለኛል። አንተ ግን እንደማያውቁ ሁን።

አሁን ቤት የሉም። ለኮምፒውተሩ ሲሉ ከጠዋት ጀምሮ ፀጉራቸውን እየተሠሩ ነው።

እትዬህ